ግንባሩ ብቻ የሚያልበው ሰው

ከግንባሩ በቀር ሌላ ቦታ የማያልበው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፤ ጎረቤቴ ሰይድ ነው። ደሴ ላይ በየዓመቱ ለአረጋውያን መርጃ በሚደረገው የእግር ጉዞ ከፒያሳ አብሮን ይነሳና ጭጋጉ ውስጥ ይሰወራል። እኛ እያለከለክን ጭፈራው ወደደመቀበት መናፈሻ ስንደርስ እሱ ግንባሩን እየጠረገ ይጠብቀናል። ለብርቱ ተጓዥ የሚሸለመው ጋቢም እሱ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ እስካሁን በወሰዳቸው ጋቢዎች ጦሳ ተራራን ማልበስ ይቻላል። ብብቱ ግን ደረቅ! ይህ ጤና ነው?

ዘንድሮ ጉዱን አጋልጬ ጋቢውን ላስቀርበት ቆርጬ ተነሳሁ። ገና ከፒያሳ ሳንርቅ ሲሰወርብኝ፣ ልከታተለው ብዬ ባጃጅ አስቆምኩ። ሸራውን ገልጬ ስገባ ሰይድ ከነጉዞ ቲሸርቱ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የጉዞው አስተባባሪ ወይዘሮ ዘነበች፣ ከነድምፅ ማጉያቸው።

«ወላሂ፣ እስከ ዛሬ በእግርህ ነበር እንዴ የምትሄደው?» አለኝ ሰይድ አዝኖልኝ።

«ጠጋ በልለት እንጂ፣ ብርዱ ሊገድለው ነው» አሉ ወይዘሮዋ።

ለማስረጃ ያህል ተቀመጥኩ።

መናፈሻው አጠገብ ካለው መታጠፊያ ላይ ወረድን። ሰይድ በሃይላንድ ውሃ ግንባሩን አራሰና ጠርሙሱን አቀበለኝ። እኔማ ብብቴንም አልረሳሁም።

ጋቢው ግን እንዴት ይሞቃል መሰላችሁ!