ልባቸውን ሊሰጡ የመጡት አባት

እኛ አገር ልብ መስጠት ቀላል ነው። ለወሬ ልብ እንሰጣለን፣ ለኳስ እንሰጣለን፣ ለማይሆን ፍቅርማ ሳንጠየቅ እንሰጣለን። እናንተም ሰጥታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እኔ አልጠይቃችሁም። የምሩን ሊሰጥ የመጣ ሰው ግን ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ አሰላ በነርስነት ስሠራ።

አቶ ደገፉ ይባላሉ፤ የዲክሲስ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ዘውድነሽ እኛ ዘንድ ተኝታለች። እግሯ አብጧል፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። በልጅነቷ የተመላለሰባት የጉሮሮ ሕመም ልቧን ጎድቶታል። ሻል ሲላት ክኒኑን ትታ፣ ጨው የሌለው ወጥ አልበላም ብላ ነው እዚህ የደረሰችው። አባትየው ደግሞ ውጭ አገር የአንዱ ልብ ለሌላው እንደሚተከል በሬዲዮ ሰምተዋል። አንድ ጠዋት ገላቸውን ታጥበው፣ የታጠበ ጋቢ ለብሰው መጡና አልጋዋ አጠገብ ዶክተሩ ፊት ቆሙ።

«የኔን ይውሰዱላት» አሉ።

ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣው ወጣት ሐኪም ነገሩ ያልገባቸው መሰለው። ልብ የሚወሰደው ከሞተ ሰው መሆኑን ቀስ ብሎ አስረዳቸው።

«እሱን አውቄ ነው የመጣሁ። እሷ ልጆች አሏት።»

ዶክተሩ በአገራችን ይህ ሕክምና እንደሌለ፣ የትም ቢሆን ሐኪም በሕይወት ያለ ሰው ገድሎ ልብ እንደማይወስድ፣ የተተከለለትም ሰው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት እንደሚውጥ፣ ያለዚያ ሰውነቱ አዲሱን ልብ እንደ ባዕድ እንደሚዋጋው ነገራቸው።

«እኔ ለልጄ ባዕድ ነኝ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ወንድሟን መንግሥት ሳይጠይቀኝ ግንባር ወሰደው፤ አልተመለሰም። ይቺን ወድጄ ላድን ስል ትከለክሉኛላችሁ?»

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ። ሄጄ በሩን ዘጋሁት። ኮቴው በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ከዚያ አለፈ።

ዘውድነሽ ትራሷን ተደግፋ ሁሉንም ሰምታለች።

«ሲስተር፣ ያንን ጨው የሌለውን ወጥ አምጪልኝ» አለች።

እያለቀሰች በላችው። ክኒኗንም ዋጠች። ከቀናት በኋላ እብጠቷ ጎደለና ወደ ቤቷ ሄደች። ልቧ እንደታመመ፣ ሕመሙ እንዳያገረሽባት በየወሩ የታዘዘላትን መርፌ እየተወጋች ልጆቿን አሳደገች።

አቶ ደገፉ ግን ዶክተሩን ይቅር አላሉትም። ዲክሲስ ውስጥ ላገኙት ሰው ሁሉ «አሰላ ድረስ ሄጄ ልቤን ብሰጠው፣ አርጅቷል ብሎ መለሰኝ» ይሉ ነበር አሉ።

ዶክተሩ ያን ቀን ስለ ዕድሜያቸው ትንፍሽ አላለም።