ጥለቱ ወደ ላይ

ዓይን አፋር ሰው ዝምተኛ ነው የሚሉ ሁሉ ተሳስተዋል! እኔን ጠይቁኝ። ሰው ፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ላብ የሚያጠምቀኝ ልጅ፣ ጸሎት ላይ ስቆም የሚያስቆመኝ የለም። አለቃዬን ፈርቼ የዋጥኩትን ሁሉ የማራግፈው እግዚአብሔር ላይ ነው።

ይህንን ለነፍስ አባቴ ስነግራቸው ሳቁ። "ልጄ፣ እሱም እኮ የሚነግርሽ ይኖረዋል። ስትጨርሺ ትንሽ ዝም በይለት እንጂ!"

እናም ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከሥራ እንደወጣሁ፣ እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጸሎቴን አድርሼ ከግቢው የጽድ ዛፍ ስር ተቀመጥኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ዝም... ምን ያደርጋል፣ አፌ ቢዘጋ ሆዴ ገበያ ሆነ! በሩን ቆልፌያለሁ? ሰኞ ስብሰባ ላይ አስተያየት ስጪ ቢሉኝስ? በዚያ ላይ የመንዝ ብርድ! ነጠላዬን ሳብ አድርጌ እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩ። ጥለቱ የት እንደዋለ ማን ያያል?

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች አዩ። ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ ፊቴን ከቦታል። ነጠላ እንዲህ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ።

"ውይ በሞትኩት! ማን ነው?"

ዝም። ዝም ልል አይደል የመጣሁት?

"አይ... መናገርም አቃታት!" ብለው አጠገቤ ዘፍ አሉ። ሌሎች ሴቶችም መጡ፤ እዚህ አገር ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። አንዷ "አባቷ ናቸው መሰል፤ ሰሞኑን ሳል ይዟቸው ነበር" ብለው ሲያንሾካሹኩ፣ ሌላዋ ስልካቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። የቀሩት ከበውኝ ዝም አሉ።

ታምኑኛላችሁ? ያኔ የሆዴ ገበያ ተበተነ። ስብሰባውም ብርዱም ጠፋ። የቀረው... እሱን ለመጻፍ አፍራለሁ።

ስልኬ ጮኸ። ከቀየት፣ ከወላጆቼ አገር፣ አባቴ ናቸው።

"አንቺ! እኔ ሞቻለሁ እንዴ? እናትሽን በስልክ 'እግዜር ያጥናሽ' ይሏታል፤ እኔ አጠገቧ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ!"

ጩኸታቸውን የሰሙት ሴቶች እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። እኔ የከነከነኝ ግን ያ ዝምታ ነው፤ ብቻዬን እንደማላገኘው ገብቶኛል።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን በወጉ አጣፍቼ የእትዬ ዘነበችን በር አንኳኳሁ። ለእኔ ይህ ተራራ መግፋት ነው!

"እትዬ... ከጽዱ ስር አብረውኝ ዝም ይሉልኛል?"

"ደግሞ ማን ሞተ?"

"ማንም።"

"ሰው ሳይሞት?!" ግራ ገብቷቸው አዩኝ፤ ቆይተው ነጠላቸውን አነሱ። "እሺ። መጀመሪያ ግን አባትሽ ጋ ደውይልኝ።"

ደወልኩ። ቆሎው ሲንኮሻኮሽ ሁለታችንም ሰማን።

"በይ እንሂድ" አሉኝ።