ለመኪናው የሚራራ ሰው

ዕቃ ገዝቶ የዕቃው አሽከር የሆነ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የጎረቤቴ የሰይድ ትንሽ የጭነት መኪና ከጃፓን አሮጌ መጥታ ሞተሯ የታደሰላት ናት። ከሚስቱ ይልቅ እሷን «ደከመሽ?» ይላታል። ለዕቃ መጠንቀቅ ደግ ነው፤ ግን ማን ይቅደም?

ባለፈው መውለጃዋ የደረሰ ሚስቱን ሐኪም ቤት ስንወስድ፣ እዚህ ሳውዲ፣ የአል-ዓሪዳ ዳገት ላይ ቆመ።

«ያላ ዘሀራ፣ ይቺን ዳገት በእግርሽ ውጪ። ሞተሩ እንዳይግል።»

«ከኋላ የጫንከው የበግ ሳርስ?»

«እሱማ የከፊሌ፣ የአሠሪዬ ነው፤ ይቆጣል።»

«ሆዴ ውስጥ ያለውስ የማን ነው?»

ሰይድ ወርዶ ሳሩን መንገድ ዳር አራገፈና ሚስቱን በመኪናው ይዞ ዳገቱን ወጣ። ዓመት ሙሉ ስመክረው የኖርሁት እኔ ደግሞ የሳሩ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።