የጎሚስታው ብሎን

ሙያ ያለው ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ለመታከም ይመስለዋል እንጂ ለመከራከር ነው። እኔ ትምህርት ቤትን በስምንተኛ ክፍል ብሰናበተውም ዐረብ አገር፣ ሰናይያ በሚባለው የጋራዥ ሰፈር ጎሚስታ ነኝ፤ ስለ ብሎን የሚያስተምረኝ ሰው ገና አልተወለደም።

የፊት ጥርሴን ያወለቀው ከእጄ ያመለጠ መፍቻ ነው። በአምስት ወር ውስጥ አገር ቤት ገብቼ ላገባት ወዳሰብኳት ልጅ ቤት ሽማግሌ ልልክ ነው። የልጅቷ እናት ደግሞ በቪዲዮ አይታኝ፣ ይሄ ልጅ ተደባዳቢ ነው እንዴ ብላለች። ስለዚህ ናጅማ ሰፈር ወዳለችው የጥርስ ሐኪም ወደ ዶክተር ማርታ ሄድኩ። ደንበኛዬ ናት፤ በዚያው ሳምንት አራት ጎማ ቀይሬላታለሁ።

መንጋጋዬ ውስጥ ብሎን አሰረችልኝ፤ ላዩ ላይ ጊዜያዊ ጥርስ ደፋችበት። አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዘው ሦስት ወር ምንም እንዳትነክስበት አለችኝ። ሦስት ወር? እኛ ጋ ይታሰራል፣ ይነዳል፣ ተመልሶ ይጠብቃል፤ ኸላስ፣ አለቀ። ያልተነዳ ጎማ መታሰሩ በምን ይታወቃል?

በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ከአምልኮ በኋላ በኅብረታችን ምሳ ላይ፣ ለሙከራ ያህል የበግ ጎድን ጋጥኩ። ያዘ። ደገምኩ። እህት አልማዝ፣ ወንድሜ ቀስ በል፣ በጉ እንደሆነ አምልጦ አይሄድም አለችኝ።

በሳምንቱ ጥርሴ መወዛወዝ ጀመረ። እንደ ባለሙያ ምርመራዬን ጨርሼ ሄድኩና፣ ዶክተርዬ፣ አንድ ዙር ብቻ አጥብቂልኝ አልኳት። ራጅ አነሳችኝና ተቀመጠች። ብረት ቢላላ ያጠብቁታል አለች፤ አጥንት ግን ሕይወት አለው፤ በልኩ ሲጫኑት ይጠነክራል፣ ያለ ልኩ ሲጫኑት ብሎኑን ለቆ ይሸሻል። ብሎኑ ወጣ። አጥንቱ ድኖ እንደገና እስኪታሰር፣ ሽምግልናው በባዶ ድድ ያልፋል። የበጉ አጥንት ምንም አልሆነም፤ የተሸነፈው የኔ ነው።

እናንተ የተባላችሁትን ብትሰሙ ምን ይጎድልባችኋል እያለች እስከ በር ሸኘችኝ።  አንገቴን ደፋሁ። የደፋሁበት ቦታ ላይ ደግሞ የሷ መኪና ቆማለች። ጎማዋን ስቀይርላት፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነድተሽ ተመለሺ፣ ብሎኖቹ ደግመው መጥበቅ አለባቸው ብያት ነበር፤ ይኸው ስንት ሳምንት፣ ዝር አላለችም። ጎንበስ ብዬ አንዱን ነካሁት። በጣት ዞረ።

ቀና አልኩና የጥርሴን ክፍተት ሳልሸፍን ፈገግ አልኩላት። ደግነቱ የሷ ብሎን በአንድ ዙር ይጠብቃል።