ኳሷ ናት ያረፈደችው

ከአሥር መንገደኛ ሦስቱን ብቻ ካሰቡበት የሚያደርስ ሾፌር መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ከአሥር ዳቦ ሰባቱን የሚያሳርር ጋጋሪም እስከ ዓርብ ሱቁን ይዘጋል። ከአሥር ጊዜ ሰባቱን የሚስት ቤዝቦል መቺ ግን በእኛ በኒካራጓ «ታላቁ» ይባላል፤ ፀጉር አስተካካዩ በነፃ ይላጨዋል፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ይነሣለታል። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለው ከተማ አላየሁም። ሁሉም አንድ ናቸው። የሳቱትን አያስታውሱም፤ የመቱትን ግን ከነቀኑና ከነነፋሱ አቅጣጫ ይተርኩልሃል።

የወደብ ከተማው የኮሪንቶ ታላቅ መቺ ክቡር ዶን ፊላዴልፎ ኦባንዶ ነበሩ። ስለ እሳቸው ለመናገር ከእኔ የተሻለ ሰው የለም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኋላቸው ቁጢጥ ብዬ ኖሬያለሁ። እኔ የተጋጣሚያቸው፣ የስኳር ፋብሪካው ቡድን ኳስ ያዥ ነበርኩ። ወርዋሪያችን ይወረውራል፣ እሳቸው በዱላ ለመምታት ይሞክራሉ፣ የሳቷትን እኔ በጓንት እቀበላለሁ። ጣቶቼ ዛሬም ይህን ስጽፍ ወደ ሦስት የተለያየ አቅጣጫ ያያሉ።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ሃያ ዓመቴ ነበር። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጡና መሬቱን በጫማቸው እየደለደሉ፣ ልክ አጥር ላይ ተደግፎ እንደሚያወራ ጎረቤት፣

«የዶኛ ኤርሊንዳ ልጅ አይደለህም? እናትህ እንዴት ናቸው?» አሉኝ።

«ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ነው እንጂ ትንሽ...»

አልጨረስኩትም። ኳሷ ከአጥሩ ማዶ ማንጎዎቹ ውስጥ ገባች። ሜዳውን ዞረው ሲመለሱ በአጠገቤ እያለፉ፣ «በሞቀ ውሃ ይዘፍዝፉት፤ ጨው ጣል ያድርጉበት» ብለውኝ ሄዱ።

እናቴ እንደተባሉት አደረጉና ተሻላቸው። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ዶን ፊላዴልፎን ማማት አልተቻለም።

አሰልጣኛችን «ከዚያ ሰውዬ ጋር ቃል እንዳትለዋወጥ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ነገር ግን የጨዋ ልጅ ሰላምታ አይነፍግም። እሳቸው ደግሞ ሰላምታቸውን አድርሰው ሲያበቁ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «አበላርዶ፣ ምን እየመጣልኝ ነው?»

ወርዋሪው ምን እንደሚወረውር በጣት ምልክት የማዘው እኔ ነኝ። ቀጥታ ኳስ አለች፤ ደግሞ መጨረሻ ላይ ታጥፋ የምትወርድ ጥምዝ አለች። ጥምዟን አዝዤ «ቀጥታ ናት» እላቸዋለሁ፤ ቀጥታዋን አዝዤ «ጥምዝ ናት» እላለሁ። አንድም ቀን አላመኑኝም፤ መስማትም አያስፈልጋቸውም ነበር። ኳሷ ገና ከወርዋሪው እጅ ስትለቅ በዓይናቸው ያነቧታል። «አመሰግናለሁ» ይሉኛል፣ «ዓይን ያየውን ይመሰክራል፣ አንተ ግን ያዘዝከውን ትክዳለህ።»

ሲስቱም ምላሳቸው አይስትም። እሳቸው ስተው አያውቁም፤ «እኔ በሰዓቴ ነበርኩ፤ ኳሷ ናት ያረፈደችው።» አንድ ጊዜ ዳኛው ዶን ካታሊኖ ከሳቸው ሁለት ክንድ ርቃ ያለፈችን ኳስ ትክክለኛ ናት ብሎ ቆጠረባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አቧራ ይረግጥ ነበር። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ዶን ካታሊኖ፣ ያቺን ለመምታት እኮ የአውቶቡስ ቲኬት ሊያስፈልገኝ ነው» አሉት። ዳኛው ሳቁን ለመደበቅ ጀርባውን ሰጥቶን ቆየ።

አንድ ጊዜ ለአሥራ አንድ ቀን አንዲትም ኳስ ሳይነኩ ቀሩ። ኮሪንቶ ሐዘን ተቀመጠች። ቄሱ በቅዳሴ ላይ አሰቧቸው፣ የወደቡ ተሸካሚዎች ቢራ ቀነሱ። እሳቸው ብቻ በረንዳቸው ላይ በተንጠልጣይ አልጋ ያንኮራፉ ነበር። ልጠይቃቸው ሄጄ፣ «እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ብላቸው፣ «የትናንትናዋ ኳስ አልፋለች፤ የነገዋን ገና አልወረወሯትም። ታዲያ አሁን ማን ይቀስቅሰኝ?» አሉኝ።

ሰውዬው ኑሮን ሁሉ የሚኖሩት እንደዚያው ነበር። ዓሣ ገበያ ውስጥ ሻጯ የመጀመሪያውን ዋጋ ስትጠራ ሰማይ ያያሉ፤ ሁለተኛውን ስትጠራ ጫማቸውን ያያሉ፤ የሚገዙት በሦስተኛው ነው። ስለ ትዳራቸው ሲጠየቁም፣ «ሚርታላ ሁለቴ እንቢ ብላኛለች። እኔ ግን ሦስተኛዋን በትዕግሥት ጠበቅኳት» ይላሉ። ዶኛ ሚርታላ ከጓዳ ሆነው፣ «እሱ አይደለም የታገሠው። እኔ ነኝ የሰለቸኝ» ብለው ያርማሉ።

የዛሬ አራት ዓመት የካቲት ላይ ሁለቱ ቡድኖች ለዋንጫ ተገናኙ። ዶን ፊላዴልፎ አርባ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ገበያ ላይ በወንድሜ ስም ጠርተውኝ፣ ቀልድ መስሎኝ ስቄ አልፌያለሁ።

የእኛ ቡድን ዋንጫ ካነሣ አሥራ አንድ ዓመት አልፎት ነበር። በመጨረሻው ዙር በአንድ ነጥብ እየመራን ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ቀርቶናል። ያ ሰው ደግሞ እሳቸው ናቸው። ሦስቴ ከሳቱ ዋንጫው የእኛ ነው፤ ከመቱ ግን ጨዋታው እንደ አዲስ ይጀመራል። ወርዋሪያችን ኔሪ የሚባል ጉልበተኛ ነው፤ የሱን ኳስ የያዝኩ ዕለት ማታ ማንኪያ መያዝ ያቅተኛል።

የመጀመሪያዋን ቀጥታ ወረወረ። ዶን ፊላዴልፎ ዱላውን ያወዛወዙት ኳሷ ጓንቴ ውስጥ ከገባች በኋላ ነበር።

«አረፈደች?» አልኳቸው።

አልሳቁም።

ሁለተኛዋ ከኔሪ እጅ አምልጣ በቀጥታ ወደ ፊታቸው መጣች። ከጉንጫቸው አንድ ስንዝር ርቃ አለፈች። እሳቸው እንደ ሐውልት ቆመው ነበር። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ይህን ያህል ድፍረት አይቶ አያውቅማ። ቀና ብዬ ዓይናቸውን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ። የዓይናቸው ሽፋን አልተንቀሳቀሰም። ሰው የቱንም ያህል ጀግና ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል። እሳቸው ዞር ያሉት ኳሷ ጓንቴን ስትመታ ድምፁን ሰምተው ነው።

የጫማዬን ክር ላስር ብዬ ዳኛውን ፋታ ጠየቅኩ።

«ዶን ፊላዴልፎ፣ ያቺን አይተዋታል?»

«የትኛዋን?» አሉኝ።

ክሩን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

«ይውጡ። ሌላ ሰው ይተካዎት።»

«ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ እያጨበጨበ?»

ከዚያ በኋላ ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ነው፤ ለኔሪ ከሳቸው የራቀች ጥምዝ አዘዝኩ። እሷንም ሳቱ፤ በፊታቸው ያለፈችው ስለማትቆጠር ይህች ሁለተኛዋ ናት። አሁን አንዲት ብቻ ቀረች። ደግሜ ያችኑ አዘዝኩ። ዱላቸውን አነሡና ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤

«አበላርዶ፣ ምን እየመጣልኝ ነው?»

የለመድኩት ድምፅ አልነበረም። በማያውቀው ከተማ መንገድ የጠፋበት ሰው ድምፅ ነበር።

«ጥምዝ ናት» አልኳቸው። «ዝቅ ብላ፣ ወደ ውጭ። በእናቴ እምላለሁ።»

«ዛሬ ደግሞ በዶኛ ኤርሊንዳ ጀመርክ» አሉና ፈገግ ብለው ለቀጥታ ተዘጋጁ።

ጥምዝ ነበረች።

ጓደኞቼ ላዬ ላይ ተከመሩ። ዋንጫው ዛሬም ክበባችን ውስጥ ቆሟል። ያችን ኳስ በጓንቴ ስይዛት ደስ እንዳላለኝ ግን ለቡድኔ ነግሬ አላውቅም፤ ይህ ጽሑፌ ሲወጣ ከጋዜጣው ያንብቡት።

ከሰው ክምር ሥር ወጥቼ ስቆም ዶን ፊላዴልፎ ከነበሩበት አልተነቃነቁም።

«እውነት ነበር እንዴ የነገርከኝ?»

«እውነት ነበር።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዋሽቶ የኖረ ጨዋ ሰው» አሉኝ፣ «እውነት መናገር ሲጀምር ቢያንስ በሳምንት ቀደም ብሎ ያሳውቃል።»

ሕዝቡ እስኪበተን የተጫዋቾች አግዳሚ ላይ አብረን ተቀመጥን። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያሻሹት ነበር።

«ስንት ሰው አወቀ?»

«እኔ ብቻ።»

«ሚርታላ ከሰማች ዱላዬን ለምድጃ ነው የምታደርገው።»

«እንግዲያው ልነግራቸው ነው።»

አልተቆጡም። ቀና ሳይሉ፣ «ከገና ወዲህ ፊቷን የማየው በጭስ ውስጥ ነው» አሉ። «ኳስስ ትቅር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከአሥር ሰባቷን ስቻለሁ። የሚስቴን ፊት ግን ስቼው አላውቅም ነበር።»

ያን ያህል ዘመን ሳውቃቸው፣ የማይቀለድበት ነገር ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ለዶኛ ሚርታላ ነገርኳቸው። ዱላውን አላቃጠሉም፤ ቁጭ ብለው አለቀሱና ተነሥተው ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመሩ። ሦስታችን ሌዎን ከተማ ወዳለው የዓይን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እንዲያነቡ ጠየቀቻቸው።

«ታችኛዎቹን ለምን ዘለሏቸው?»

«አልዘለልኳቸውም፤ እያሳለፍኳቸው ነው። ጥሩዋን እየጠበቅኩ።»

«የዓይን ሞራ ነው» አለች ሐኪሟ፣ ለእሳቸው ሳይሆን ለዶኛ ሚርታላ። «ይነሣል።»

በዚያው ሳምንት ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። ፋሻው ሲነሣ ዶኛ ሚርታላን ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ምላሳቸው ምን ያመጣ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። የሚስታቸው ፊት ላይ የወደቀች ፀጉር በጣታቸው መለስ አደረጉላቸው፣ በቃ።

ወደ ኮሪንቶ ስንመለስ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳቸው። ገና ከሌዎን ሳንወጣ ማንበብ ጀመሩ፣ ጮክ ብለው። «ጎማ ይጠገናል። የሚሸጥ ቦታ። ዶኛ ቺላ፣ ዶሮና ሩዝ። መሽናት ክልክል ነው።» አንዲት ፊደል አላለፉም። ዶኛ ሚርታላ ትከሻቸው ላይ ተኝተዋል። አንድ ሰዓት እንዲህ ሄድን። ከፊታችን የተቀመጠች ቅርጫት የያዘች ሴት በመጨረሻ ዞር ብላ፣

«ወንድም ዓለም፣ ሰውዬውን ዝም በላቸው እባክህ። ራሴን አዞሩኝ» አለችኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አልኳት። «ገና ግማሽ መንገድ፣ ቺቺጋልፓ መድረሳችን ነው። ከዚህ በኋላ ብዙ ጽሑፍ አለ።»