የወላጅ ክላሷ ሙሉ ማዕረግ

መካነ ሰላም ውስጥ፣ ስሙን በማንጠቅሰው መሥሪያ ቤት፣ ሥርዓት ከእንጀራ የሚበልጥባቸው ኃላፊ አሉ፤ አቶ ምንይችል። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሁዳ ደብዳቤ የሚያወጣ ሲስተም ሠርታ ስታሳያቸው፣ ሌላው ሰው ሲያጨበጭብ ትልቁን ነውር ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ይቺ ምንድን ናት?" አሉ ኮዱ ላይ ደጋግማ የምትታይ ስም እያመለከቱ።

"ወላጅ ክላስ ናት ጋሼ፤ የደብዳቤዎቹ ሁሉ እናት የሆነች የፕሮግራም ክፍል። አርማው፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ እሷ ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ ደብዳቤዎች ከእሷ ይወርሳሉ። ያለችው ሌላ ፓኬጅ፣ ማለት ሌላ የኮድ ማህደር ውስጥ ስለሆነ፣ አድራሻዋን ገጹ አናት ላይ አንዴ እጽፍና ከዚያ በአጭር ስሟ እጠራታለሁ።"

"በባዶ ስሟ? የበላይ አካልን?"

እሳቸው ራሳቸው "የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ" ካልተባሉ አቤት አይሉም። ስለዚህ ኮሚቴ ሰባት ጊዜ ተሰብስቦ መመሪያ ወጣ፦ ወላጅ ክላስ በተጠራች ቁጥር የፓኬጇ ሙሉ አድራሻ፣ ማለትም ክልሏ፣ ዞኗ፣ ወረዳዋና ጽሕፈት ቤቷ ተሟልቶ ይጻፍ፤ ይህን ለመለወጥ ለእያንዳንዱ ቦታ በኃላፊው እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ይቅረብ፤ መመሪያውን የሚሽር ደብዳቤም ከሲስተሙ ካልወጣ አይጽና። ሁዳ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቦታ ጻፈች። ጣቷ አበጠ፤ አክብሮት ግን ሰፈነ።

አንድ ሰኞ ሁለት የምሥራች መጣ። በአዲሱ መዋቅር "ጽሕፈት ቤቱ" "ቡድን" ተባለ፤ አቶ ምንይችልም የፓኬጁን ስም በዚያው ቀን አስለወጡ። ደግሞም ደሴ ተሾሙ፤ ከሲስተሙ የወጣ መልቀቂያ ይዘው እስከ ዓርብ ካልደረሱ ግን ሹመቱ ኩታበር ላለው ባልደረባቸው ለአበጋዝ ነው።

"ሁዳ ልጄ፣ መልቀቂያዬን አትሚልኝ።"

ማሽኑ "ወላጅ ክላስ አልተገኘችም" አለ።

"ምን ሆነች?"

"የፓኬጇ ስም ተለውጧል፤ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ቦታ በድሮው ማዕረጓ ይጠራታል።"

"አስተካክያ!"

"ኮምፒውተሩ ባንዴ ያስተካክለው ነበር ወላሂ። መመሪያው ግን ለእያንዳንዱ ቦታ በእርስዎ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ይላል።"

"መመሪያውን ሽሬዋለሁ!"

"መሻሪያውም ከሲስተሙ ካልወጣ አይጸናም ጋሼ። እርስዎ ነዎት የፈረሙት።"

አቶ ምንይችል አራት መቶ አሥራ ሁለት ወረቀት አስመጡ። እስክሪብቶ አነሡ።

ዓርብ የደሴው ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፍቶ ሲወጣ፣ ሦስት መቶ ስድስተኛው ደብዳቤ ላይ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ስልካቸው ጮኸ። አዲሱ የደሴ ሹም አበጋዝ ነው።

"ምንይችል!" አለ፣ ባዶውን።

"አቤት" አሉ ኃላፊው።