የአቶ ኢዶሳ ጣሳ መዞሩን አያቆምም

በየኮንዶሚኒየሙ፣ ቀረ የተባለ ነገር እንዳልቀረ ለማስመስከር የተፈጠረ አንድ ሰው አይጠፋም። ለዚህ የልደታ ሕንጻ የደረሱት አቶ ኢዶሳ ናቸው።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ ፎቶ አንሺ ናቸው። ከተማው ሁሉ በሞባይል ሲነሳ፣ እሳቸው ሳሎናቸው ውስጥ ጥቁርና ነጭ ፊልም ያጥባሉ። ከተዘጋ ፎቶ ቤት የገዙት መሣሪያ አላቸው፤ ፊልሙን የያዘውን፣ ብርሃን የማያስገባ ጥቁር ጣሳ አጋድሞ በሞተር ያሽከረክራል። ድምፁ ወፍጮ ቤት ነው። «ጋሼ፣ ፊልም እኮ ቀረ» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ማን ነው ያስቀረው? ስሙን ንገረኝ!»

የሕንጻው ኮሚቴ ሊቀመንበር ወይዘሮ ሠርካዲስ ይህን ሰውዬ ችለው ችለው መረራቸው። ከሥር ያለችው ሀሚዳ ጣሪያዬ አጉረመረመ ትላለች። ሌላው ጎረቤት በርበሬ ይፈጫሉ ብሎ ማስነጠስ ጀምሯል። ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ስብሰባ ተጠራና ሞተሩ እንዲቆም እጅ ወጣ። ተከሳሹ አልተከራከሩም። ካሜራቸውን አውጥተው እጅ ያወጣውን ሁሉ አነሱት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ እጃቸውን ሳያወርዱ።

«ፈገግ ይበሉ እንጂ!»

በማግስቱ ሊቀመንበሯ ውሳኔውን ሊያስፈጽሙ አቶ ኢዶሳ ቤት ሲገቡ ሞተሩ ይዞራል።

«አቶ ኢዶሳ፣ ተወስኗል። ያጥፉት።»

«አሁን ከቆመ ፊልሙ ይበላሻል። ፊልሙን የሚያጥበው መድኃኒት ትንሽ ስለሆነ፣ ጣሳው ካልዞረ የሚነካው ግማሹን ብቻ ነው።»

«ይበላሽ!»

«ውስጡ ያለው የትናንቱ ስብሰባ እኮ ነው።»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ጸጉራቸውን ዳበስ አደረጉ። ትናንት ጠዋት ተሠርተውት ነበር። «እኔ... እንዴት ወጣሁ?»

መልሱ ሳይመጣ መብራት ጠፋ። ሞተሩም ቀጥ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ፈጣሪም ፈረደብኝ ይል ነበር። አቶ ኢዶሳ ግን ጣሳውን ከመሣሪያው ነቅለው ጠረጴዛው ላይ በመዳፋቸው ያንከባልሉት ጀመር። «መብራቱም ከኮሚቴው ጋር አብሯል? ይተባበር!» ከዚያም ወደ ሊቀመንበሯ ዞሩ። «ቀጣዩን መድኃኒት ልቅዳ፣ ይህን ይያዙልኝ። እንዳይቆም!»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ ጥለው ማንከባለል ያዙ። ክርናቸውን አመማቸው፤ አላቆሙም። ሰውዬው እብድ ናቸው፣ ይህ ድሮም የታወቀ ነው። ግን እዚህ ሕንጻ ውስጥ የኮሚቴውን ውሳኔ ከቁም ነገር ቆጥሮ ፎቶ ያነሳ ሌላ ማን አለ?

ክፍት በተተወው በር ሀሚዳ ብቅ አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ድምፁ ቆመ! አስቆሙት አይደል፣ እትዬ ሠርካዲስ?»

«ቆመ? ማን ፈቅዶለት!» አሉ ላብ በላብ ሆነው። «ይልቅ የትናንቱ ፎቶ እንዳይበላሽ ነይ ተቀበይኝ፣ እጄ ዝሏል።»

ሀሚዳ ጣሳውን አየች፣ ሰውዬውን አየች። «እኔስ አለሁበት?»

«ከፊት ነሽ» አሉ አቶ ኢዶሳ። «ሁለቱንም እጅሽን ያወጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሀሚዳ እጅጌዋን ሰበሰበች።